ከወንበሩ ጀርባ የቆመው ሰው

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጸጸተው በተናገረው ነገር ነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያልተናገርኩት ነው። አንድ ቃል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሳላወጣው ቀረሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ራሴን ለማጽዳት እንዳይመስላችሁ፤ የሚጸዳ ነገርም አይደለም።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ በስምንት ዓመቱ ገደማ ነው። አስናቀ እባላለሁ። ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ላጤ ነበርኩ፤ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ነው። ትርፍ ጊዜ ያለው የገጠር መምህር ወይ መጠጥ ይለምዳል፣ ወይ አንድ ነገር መሰብሰብ ይጀምራል። መጠጡ አልስማማ ስላለኝ እኔ የዘመድ ፎቶ መሰብሰብ ጀመርኩ።

በየዘመዱ ቤት እየዞርኩ ግድግዳ ላይ ያለውን፣ ሳጥን ውስጥ የታሰረውን፣ ዳዊት መሐል የተሸጎጠውን ፎቶ እዋሳለሁ። ከዚያ ሽማግሌና አሮጊት ፊት ዘርግቼ «ይኼ ማን ነው? ይቺስ?» እያልኩ እጠይቃለሁ። የተባለውን በፎቶው ጀርባ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ በደብተሬም የማን ልጅ እንደሆነ አሰፍራለሁ። ስሙ ያልታወቀ ፊት ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አባቴ «ይኼ ልጅ የሞተ ሰው ሳያስቀር ሊመዘግብ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል፤ ግን እንግዳ ሲመጣ ደብተሩን አምጣ የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ።

እኛ ዘንድ ዘር መቁጠር ድሮ መሬት ለመካፈል ነበር። መሬቱ ከተወረሰ ወዲህ የቀረው ለጋብቻ ነው። ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲሉ ወደ ላይ ይቆጠራል። የጋራ አያት ከተገኘ፣ ከእሱ በታች በሁለቱም በኩል ሰባት ሰው መሙላት አለበት፤ ሰባት ቤት የምንለው ይህንን ነው። በአንዱ በኩል ስድስት ከሆነ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ ይግባኝ የለውም።

ታናሽ እህቴ የሺ፣ ደረጀ ለሚባል የቀየት መንደር ልጅ ታጭታ ነበር። ደረጀ በግ ነጋዴ ነው፤ ከእሷ ጋር ሲያወራ የሱፍ ቆቡን በእጁ እያዞረ መሬት መሬት የሚያይ ዓይን አፋር። ራሷ ናት የመረጠችው፤ ሽማግሌ እንዲልክ በጆሮው ሹክ ያልኩት እኔ ነበርኩ። ሲታጩ ዘሩን የቆጠሩት አለቃ ዘውዴ የሚባሉ የደብራችን ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፤ «ወልደ ኪዳን ላይ ይገናኛሉ፤ በሁለቱም በኩል ሰባት ሞልቷል» አሉ። ስም አልዘረዘሩም፤ የእሳቸውን ቆጠራ ደግሞ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሠርጉ ለጥር ተቀጠረ። አለቃ ግን ኅዳር ላይ አረፉ።

እኔ ለሙሽሮቹ ስጦታ ይሆናል ብዬ የሁለቱን የዘር ሐረግ በትልቅ ካርቶን ላይ መሳል ጀመርኩ። ፎቶ የተገኘለትን በፎቶው፣ ያልተገኘለትን በስሙ። ማንም አላዘዘኝም።

ከደረጀ አባት ከአቶ ሽፈራው ወንድይራድ አንድ አሮጌ ፎቶ ተውሼ ነበር። አንድ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው ባለቤታቸው ሕፃን ታቅፈዋል፤ አንዲት ልጃገረድ ቆማለች። ከሽማግሌው ወንበር ጀርባ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፊቱን በትንሹ ዘወር አድርጎ ቆሟል። አቶ ሽፈራው ሲሰጡኝ በጣታቸው እያሳዩ ነግረውኛል። «አባቴ ወንድይራድ ናቸው። ይቺ እናቴ። ሕፃኑ እኔ ነኝ። ይቺ እህቴ እማሆይ ጌጤነሽ፤ ሳትመነኩስ። ይኼኛውን አላውቀውም፤ አሽከር ሳይሆን አይቀርም።»

እሁድ ሠርጉ ሊሆን ረቡዕ ከትምህርት ቤት መልስ ወላጆቼ ቤት ካርቶኑን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ሙጫው እስኪደርቅ ከታች ወደ ላይ ቆጠርኩ። በየሺ በኩል ሰባት። በደረጀ በኩል ስድስት። የዘለልኩት ሰው አለ ብዬ ደገምኩት፤ ስድስት። ደብተሬን አውጥቼ ቆጠርኩ፤ ያው ነው።

አባቴ ደጅ ላይ ለዳሱ ማሰሪያ ገመድ ይፈትላሉ። ጠላው ተጠንስሷል፤ ሴቶቹ ከወዲያ ይሳሳቃሉ።

«አባባ፣ በደረጀ በኩል ያለውን እስቲ ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው።

«አለቃ ዘውዴ የቆጠሩትን?»

«እርስዎ ይቁጠሩት።»

ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ደረጀ፣ ሽፈራው፣ ወንድይራድ፣ ኃይሌ፣ ይፍሩ፣ ተሰማ፤ ከዚያ ወልደ ኪዳን።» ጣታቸውን አዩት። እንደገና ጀመሩ። ሁለተኛውን ጊዜ ሳይጨርሱት አቆሙ።

«አለቃ ሰባት ብለዋል» አሉኝ።

«ሰባተኛው ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አለቃ አይሳሳቱም።»

«አለቃ ሞተዋል፣ አባባ።»

ከዚያ የተናገሩት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ይኼን ካርቶን ማን ሥራው አለህ?» አሉኝ። አንዴ የተሰማ ነገር ግን ተመልሶ አይገባም፤ አባቴ ሃይማኖተኛ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዓርብ ጠዋት የሁለቱን ወገን ሰብስበው እንዲቆጥሩ መልእክት ላኩ። ሰባተኛው ካልተገኘ እሁድ ሠርግ የለም።

የሺ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። «ጋሼ፣ ፈልገው» አለችኝ። ወንድሟን ሳይሆን አስተማሪዋን የምትለምን ነበር የምትመስለው።

ሐሙስ በማለዳ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሳ የአቶ ሽፈራውን ፎቶ በደብተሬ መሐል ይዤ ወደ እማሆይ ጌጤነሽ ሄድኩ። ፎቶው ላይ ካሉት ሰዎች ከአቶ ሽፈራው ሌላ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። በቀየት አጠገብ ቤተ ክርስቲያን ሥር አንዲት የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ይኖራሉ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጉዤ ስደርስ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሳይጠይቁኝ በሶ በጥብጠው በቅል ሰጡኝ። ግማሹን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት።

ፎቶውን ስሰጣቸው ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የት አገኘኸው?»

«ጋሽ ሽፈራው ሰጡኝ።»

«ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። አውርደው ብለው እምቢ አለኝ።»

«እማሆይ፣ ከአባትዎ ወንበር ጀርባ የቆመው ማን ነው?»

«አሽከር ነው።»

«ስሙ?»

«ረሳሁት፣ ልጄ። ስንት ዘመኑ።»

«አሽከር ከጌታው ጋር ለፎቶ ይቆም ነበር እንዴ?»

«ይቆማል አይቆምም፣ ምን ያደርግልሃል?»

ነገሩን ነገርኳቸው። ስድስት እንደሆነ፣ ዓርብ ሽማግሌ እንደሚቀመጥ፣ እሁድ ሠርጉ እንደሚፈርስ። እማሆይ መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አለቃ ዘውዴ ሰባት አላሉም?»

«ብለው ነበር። ስም ግን አልጠሩም።»

«አይጠሩም። አዋቂ ሰው ነበሩ።» ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጸሎት ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም።

ፎቶውን መልሼ ከእጃቸው ወሰድኩ። «ግንባሩን ይዩት። ቅንድቡን ይዩት። ቁርጥ ደረጀን ነው እኮ።»

እማሆይ ወደ ደጅ አዩ። «በሩን ግጠመው» አሉኝ። ገጠምኩት። «በእመቤታችን ስም ማልልኝ። ስሙን ትወስዳለህ፤ የቀረውን እዚሁ ትተወዋለህ።» ማልኩላቸው። ስም ለማግኘት ብዬ ምንም ነገር ከመማል የማልመለስ ሰው ነበርኩ ያኔ።

«ወንድሜ ነው። ክፍሌ። ሽፈራው የሱ ልጅ ነው።»

አገራቸው መርሐቤቴ ነበር። የክፍሌ ሚስት ሽፈራውን በወለደች በሳምንቷ ሞተች። በዚያው ዓመት ክፍሌ ፊቱ ላይ ምልክት ወጣበት፤ ጣቶቹ ደነዘዙ፤ እሳት ሲነካው እንኳ አያውቅም። አባቱ ለዘመድ «ለሥጋ ዘመድ ጥየቃ ነው» ብለው ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ሐኪሙ አንዴ አይቶ ነገራቸው። እማሆይ የበሽታውን ስም ሊጠሩት አልቻሉም፤ «ያ ደዌ» ብቻ ነው ያሉኝ። ሥጋ ደዌ ነበር።

«ከሐኪሙ ስንወጣ ፎቶ አንሺ አየን። አባቴ ‹ሳንለያይ አንድ ላይ እንነሳ› አሉ። እጁን ወደ ኋላ አድርግ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ተነሳን። ከዚያ እሱ ወደ ጠበል ሄደ፤ እኛ ወደ መርሐቤቴ አልተመለስንም። ጀማን ተሻግረን የማያውቀን አገር ገባን። ሕፃኑን የወንድይራድ ልጅ ነው አልን። አባቴን አባቴ እያለ አደገ። እኔን እህቴ ይለኛል፤ አክስቱ ነኝ።»

«ክፍሌስ?»

«በየዓመቱ ሱባኤ እገባለሁ እያልኩ ስንቅ እወስድለት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ከጠበሉ ቤተ ክርስቲያን በር ውጭ ከነዳያን ጋር ኖረ። የቀበርኩት እኔ ነኝ። አለቃ ዘውዴ በዲቁናቸው መርሐቤቴ ስለነበሩ ያውቁ ነበር። ቆጥረውት ዝም አሉ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ምን እናድርግ ነበር ልጄ? ይኼ ቢሰማ ሽፈራው ማንን ያገባ ነበር? ልጆቹንስ ማን ያገባቸው ነበር?»

ዘዴውንም እሳቸው ነገሩኝ። «ነገ እመጣለሁ። አንተ ስሙን ጥራ፣ እኔ ወንድሜ ነበር እላለሁ። ያ ቤት ይሞላል። ምን ገደለው ማለታቸው አይቀርም፤ ንዳድ በል። ጀማ በረሃ ወርዶ ንዳድ ገደለው በል። ንዳድ ስንቱን ፈጅቷል፤ ማንም አይጠራጠርህም። እኔ ቆብ አድርጌ ሽማግሌ ፊት አልዋሽም፤ አሽከር ነው ያልኩህም እየቆጨኝ ነው። አንተ ግን ወጣት ነህ፤ ንስሐ ትገባበታለህ።»

ቀላል ነገር ነበር። ስም ተገኝቷል፤ ምስክር ተገኝቷል፤ የቀረው አንዲት ቃል ናት። ልሄድ ስነሳ እማሆይ ወደ ቅሉ አዩ።

«በሶውን አልጨረስከውም።»

«ጠግቤያለሁ፣ እማሆይ።»

«ሦስት ሰዓት ተጉዞ የመጣ ሰው» አሉና ቅሉን አነሱት። እኔ በሶውን መተዌን እንኳ እሳቸው እስኪያነሱት ድረስ አላስተዋልኩም ነበር።

በመመለሻዬ መንገድ ላይ የሆነውን ላልደብቃችሁ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ እየተጣደፍኩ ነበር የምሄደው። ቁልቁለቱን ጨርሼ ወንዙን ስሻገር ግን የየሺን ልጆች ማሰብ ጀመርኩ። ገና ያልተወለዱ ልጆች። ፊታቸው ላይ ምልክት ሲወጣ፣ ጣታቸው ሲደነዝዝ አየሁ። በየዓመቱ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን፣ በዘር የማይተላለፍ በሽታ ነው» ብዬ እጽፋለሁ፤ «በዘር የማይተላለፍ» ከሚለው ሥር ሁለት መስመር አሰምራለሁ። ያንን መስመር ያሰመረው እጅ ነው ከእማሆይ ቅል የሸሸው። የማስተምረውን አላምነውም ነበር። ይህንን ያወቅሁት በዚያ ወንዝ ዳር ነው፤ አፍሬበት ደግሞ ለራሴም አልነገርኩትም። «እስቲ ነገ ይታያል» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ።

የሺ ከመንደሩ ውጭ ጠብቃኝ ነበር። ገና ከሩቅ «ሞላ?» አለችኝ።

«ሞላ» አልኳት።

እዚያው መንገዱ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ገድለኸኝ ነበር ጋሼ፤ ደግሞ አዳንከኝ» አለች። አንስቼ አቀፍኳት። በዚያች ሰዓት ነገሩን ከልቤ ላደርገው ቆርጬ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ዓርብ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከጽዱ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች አሉ፤ ሰብሳቢው አቶ በለጠ ናቸው፤ የሁላችንም ሽማግሌ፣ የማይቸኩሉ ሰው። አባቴ በአንድ በኩል፣ አቶ ሽፈራው በሌላው። እማሆይ ጌጤነሽ ከግንቡ ሥር ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ደረጀ እንደ ደንቡ አልመጣም፤ የሺም ቤት ፀጉሯን እየተሠራች ነው።

ፎቶውን ይዤ ቆምኩ። ከታች ጀመርኩ። «ደረጀ። ሽፈራው። ክፍሌ። ወንድይራድ።»

አቶ ሽፈራው ከተቀመጡበት ተነሱ። «ቆይ፣ መምህር። ክፍሌ የቱ ነው? እኔ የማን ልጅ ነኝ ነው የምትለው?»

«የክፍሌ ወንድይራድ፣ ጋሽ ሽፈራው። ጋሽ ወንድይራድ አያትዎ ናቸው።»

ወደ እማሆይ ዞሩ። እማሆይ አንገታቸውን ደፉ። «እውነት ነው። ወንድሜ ነበር። አባትህ እሱ ነው» አሉ።

አቶ ሽፈራው የሃምሳ ዓመት ሰው ናቸው፤ ሁለት ልጅ ድረዋል፤ ሽማግሌ ተብለው የሰው ነገር ይዳኛሉ። መሬቱን በእጃቸው እየዳበሱ ተቀመጡ። አቶ በለጠ ግን ቆጠራውን ጨረሱት። «ሰባት። ሞልቷል። ነፍሳቸውን ይማር አለቃ ዘውዴ፤ እኛ ነን የተጠራጠርናቸው።» አባቴ ትንፋሻቸውን ሲለቁ ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አለ። ያለቀ መስሎ ነበር።

ከዚያ አቶ በለጠ ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ። በክፉ አልነበረም፤ የሞተ ሰው ስም በተነሳ ቁጥር የሚጠየቅ ነው። «ነፍሱን ይማረውና፣ ምን ሆኖ ሞተ?»

ንዳድ። ምላሴ ላይ ነበረች። እማሆይ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ፎቶውን አየሁ። አንድ ሰው አሥር እስኪቆጥር፣ ከዚያም ሌላ አሥር። አቶ በለጠ ያልሰማሁ መስሏቸው ደገሙልኝ። «መምህር፣ ምን ሆኖ ሞተ ነው የምልህ።»

ዝም አልኩ። መሐላዬን ጠብቄ ነው እንዳልል፣ መሐላው ንዳድ ከማለት አይከለክለኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ሠርጉን ሌላ ሰው እንዲያፈርስልኝ ፈልጌ ነበር። እኔ ሳልናገር፣ እጄ ሳይነካው፣ እነሱ ራሳቸው እንዲያውቁት።

አወቁም። አቶ በለጠ ከእኔ ወደ እማሆይ ዞሩ። «እርስዎ ይንገሩን፣ እማሆይ።» እማሆይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳቡ። እኛ አገር የሰው ስም ከዘር የሚደበቀው በአንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ያላወቀ እዚያ አልነበረም። የሳቀው ሽማግሌ ወደ አቶ ሽፈራው ተጠግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ጋቢውን ሰብሰብ ሲያደርግ አየሁት።

አባቴ ተነሱ። «በቃ። የኛ ነገር እዚህ ላይ ይብቃ» አሉ። ወደ አቶ ሽፈራው ሳያዩ ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው።

አቶ ሽፈራው እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ፎቶዬን ስጠኝ።» ሰጠኋቸው። ወደ ፀሐዩ አዙረው አዩት።

«እጁን ለምን ወደ ኋላ አደረገው?»

እማሆይ «አባታችን ናቸው እንዲህ ቁም ያሉት» አሉ።

«መቼ ሞተ?»

«አንተ ዳዊት የደገምክ ዓመት።»

«ያኔ ስንቅ መሸከም እችል ነበር» አሉ አቶ ሽፈራው። «አንድ ቀን እንኳ አልወሰዱኝም?»

እማሆይ ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው። እኔ እዚያ መቆም አልቻልኩም፤ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። የሺ ፀጉሯ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተፈቶ ደጅ ወጣች።

«ሞላ ብለኸኝ ነበር።»

«ሞልቷል፣ የሺ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«በሽታው...»

«ዘጠነኛ ክፍል አንተ ነህ ያስተማርከኝ። በዘር አይተላለፍም ብለህ። ፈተና ላይም አውጥተኸዋል፤ አግኝቼዋለሁ። ውሸትህን ነበር?»

«እውነት ነው።»

«እውነት ከሆነ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ» አልኳት። ብዙ አየችኝና ገብታ በሩን ዘጋች።

በሰው ወደ ደረጀ ላከች። ቆጠራውም በሽታውም ግድ እንደማይሰጣት፣ እሁድ መጥቶ እንዲወስዳት። የመለሰላት «አንቺን ሰው እየጠቆመብሽ እንድትኖሪ አላደርግም» ብሎ ነው። ቅዳሜ በጎቹን ለጎረቤት አስረክቦ ወጣ። ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አላገኘሁም። የተዳሩት ሁለቱ እህቶቹ ግን የትም መሄድ አልቻሉም። አንደኛዋን ባሏ ከነልጆቿ አባቷ ቤት መለሳት። እማሆይ ጌጤነሽን ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ጤናዬን ጠየቁኝ፤ ወላጆቼን ጠየቁኝ፤ አለፉ።

አቶ ሽፈራው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ከበሩ አልፈው መግባት ተዉ። እንዳይገቡ የከለከላቸው የለም፤ ቄሶቹ ሄደው ለምነዋቸዋል። ከበሩ ውጭ ከነዳያን ጋር ይቀመጣሉ፤ ቅዳሴ ሲያልቅ ተነስተው ይሄዳሉ። ምን ነካዎት ሲባሉ «አባቴ የተቀመጠበት ነው» ይላሉ። ሰው አበዱ አለ። እኔ እንዳላበዱ አውቃለሁ። ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖረው አረፉ። ከማውቀው ሰው ሁሉ አባቱን ለማግኘት እዚያ ድረስ ሲሄድ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

ካርቶኑን በዚያው ዓርብ አቃጠልኩት። ደብተሩን ግን አላቃጠልኩትም፤ መጠየቅም አልተውኩም። የተውኩት ስም በማወቅ ብቻ ሰውን ያወቅሁ ይመስለኝ የነበረውን ነው። አለቃ ዘውዴ ያንን ሰው ከእኔ በፊት ቆጥረውታል፤ ቆጥረውም ከልጆቹ ጋር በሰላም አስቀምጠውታል። እኔ ስሙን አውጥቼ ቤቱን በላሁት።

እናንተም ቤት ግድግዳ ላይ የማይታወቅ ሰው ይኖር ይሆናል። ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ አትጠይቁ አልላችሁም። ከመጠየቃችሁ በፊት ግን መልሱ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ከራሳችሁ ጋር ተነጋገሩ። እኔ ዕውቀቱ ነበረኝ፤ ዲፕሎማው ነበረኝ፤ በክረምት ስሠለጥን መድኃኒቱን በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች ቢያንስ ሁለቱ ያስተማርኳቸው ልጆች አባቶች ነበሩ፤ «በሽታው በዘር አይሄድም» ብዬ ብቆም ምናልባት ይሰሙኝ ነበር። ባይሰሙኝ እንኳ አቶ ሽፈራው ይሰሙ ነበር። የሚያሳፍረኝ አለማወቄ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

የሺ በዚያው ዓመት ደብረ ብርሃን ሄደች። ልብስ ትሰፋለች፤ አላገባችም። ለበዓል አትመጣም ነበር። አባታችን ሲያርፉ መጣች፤ ሦስት ቀን አብረን ለቅሶ ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰው ገለል ሲል አጠገቧ ሄጄ ስንት ዓመት የቋጠርኩትን አወጣሁት። ይቅር እንድትለኝ አልጠየቅኳትም፤ ያንን ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። «ዛሬ ቢሆን ተነስቼ እናገር ነበር፣ የሺ። ሁሉም ፊት እናገር ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም፤ ድካም ነበር።

«ዛሬማ ማን ይጠይቅሃል» አለችኝና ለለቅሶተኛው ውሃ ልታቀርብ ተነሳች።